አዲስ የገጣጠማችሁት ኮምፒውተር ኤስኤስዲውን አላይ ሲል

ኮምፒውተር ራሱ ገጣጥሞ "ኤስኤስዲዬ (ፋይል የሚቀመጥበት ዲስኬ) አይሠራም" ብሎ ለሚደውልልኝ ሰው መልሴ ጥያቄ ነው። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ላይ፣ ይታያል ወይስ አይታይም? አብዛኛው ሰው አላየም። ዊንዶውስ ሊጭን ሞከረ፣ የዲስኩ ዝርዝር ባዶ ሆነበት፣ ደነገጠ፣ ደወለ።

ባህር ዳር ላይ ይህ ድንጋጤ ገንዘብ ያስወጣል። እዚህ ላፕቶፕና ፍላሽ እንደልብ ይገኛል። የዴስክቶፕ ዕቃ ግን፣ በተለይ ደህና ማዘርቦርድና ኤስኤስዲ፣ ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የመጣውን ዕቃ "ሞቷል" ብላችሁ መልሳችሁ፣ ሻጩ ሰክቶ ደህና ሆኖ ካገኘው፣ የመላኪያው ወጪም ትዝብቱም የእናንተ ነው። እኔ ጋ ሞቷል ተብሎ ከሚመጣው ብዙው አልሞተም። ወይ በደንብ አልገባም፣ ወይ የማይሆነው ቦታ ገብቷል፣ ወይ ዊንዶውስ ገና አላወቀውም። ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት የጠፋው የቱ ጋ እንደሆነ እንለይ።

ባዮሱን ሳታዩ ካቻቢቴ አታንሱ

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩትና ወዲያው የዲሊት ቁልፍን ደጋግማችሁ ንኩ። ጊጋባይትም፣ አሱስም፣ ኤምኤስአይም፣ አስሮክም በዲሊት ይከፍታሉ። የሚወጣው ገጽ እንደ አምራቹ ይለያያል። ስትፈልጉ "ስቶሬጅ"፣ "ሳታ ኮንፊገሬሽን" ወይም "ኤንቪኤምኢ ኮንፊገሬሽን" የሚል ታገኛላችሁ። የኤስኤስዲው ስም እዚያ ካለ ማዘርቦርዱ አይቶታል ማለት ነው። ኬዙን አትክፈቱ። ቀጥታ ወደ ታች ወርዳችሁ ስለ ዊንዶውስ የጻፍኩትን አንብቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። "ቡት" የሚለውን ዝርዝር ብቻ አይቶ "የለም" ይላል። የቡት ዝርዝሩ የሚያሳየው ማስነሻ ያለበትን ዲስክ ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ባዶ ስለሆነ በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ እዚያ አይወጣም። ዊንዶውስ ሲጫንበት ራሱ ይመጣል። ፍረዱ ብትባሉ በስቶሬጅ ገጹ ነው እንጂ በቡት ዝርዝሩ አትፍረዱ።

ስቶሬጅ ገጹም ላይ ከሌለ፣ እሺ፣ አሁን ኬዙን ክፈቱ።

ከመክፈታችሁ በፊት ከጀርባ ያለውን የፓወር ሰፕላይ ማጥፊያ አጥፉ፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። መብራት ስለሄደ ብቻ "ጠፍቷል" ብሎ እጁን የሚከት ሰው አውቃለሁ። መብራት ሲመጣ አያማክርም። ንቀሉት። የኬዙን ቀለም ያልተቀባ ብረት በእጃችሁ ነክታችሁ ጀምሩ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስታቲክ ወደዚያ ይሂድ።

አገባቡ

ያቺን የማስቲካ ልጣጭ የምታክል ቀጭን ኤስኤስዲ፣ ኤም.2 የምትባለዋን፣ ከገዛችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው አገባቧን ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ወደ ጎን የተኛ ነው። ኤስኤስዲዋ በ30 ዲግሪ አካባቢ ጋደል ብላ ነው የምትገባው። ስትገፏት መጀመሪያ ትንሽ ታስቸግራለች፣ ከዚያ ገባ ትላለች። በትክክል ከገባች የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶቿ ከጫፋቸው በስተቀር አይታዩም። እጃችሁን ስትለቁ ጫፏ ራሱ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይቆማል። ይህ ጤነኛ ምልክት ነው። ሳትለቁ ወደ ታች ተጭናችሁ በብሎን ታስሯታላችሁ።

ጥርሷ ግማሹ ውጭ ቀርቶ በብሎን የታሰረ አያለሁ። ከላይ ስትታይ ቀጥ ብላ ተኝታለች፣ ምንም የጎደለ አይመስልም። በስልካችሁ መብራት ከጎን እዩት። ጥርሱ በሰፊው ካበራ አልገባም። ብሎኑን ፍቱ፣ አውጡ፣ እንደገና ግፉ።

ከብሎኑ ሥር ያለችው ትንሽ የናስ ማቆሚያም ጣጣ አላት። ማዘርቦርዱ ላይ 2242፣ 2260፣ 2280፣ አንዳንዴም 22110 የሚሉ ቀዳዳዎች አሉ። ቁጥሩ የኤስኤስዲው ልክ ነው። 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ቀሪው ርዝመት። ብዙዎቻችሁ ያላችሁ 2280 ነው። ማቆሚያዋ 2260 ላይ ቀርታ ኤስኤስዲው በላይዋ ከተጫነ ሆዱን ወደ ላይ ትገፋዋለች። አንዱ ጫፍ ከመሰኪያው ይላቀቃል፣ ሲከፋም ብረቱ የኋላውን ነክቶ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ማቆሚያዋ ጨርሶ ከሌለች ደግሞ ብሎኑን ከማዘርቦርዱ ጋር ለማጣበቅ አትታገሉ። ካርቶኑን ፈልጉ። በትንሽ ፌስታል ውስጥ አለች፣ ያገለገለ ማዘርቦርድ ገዝታችሁ ካልሆነ በቀር። ያገለገለ ከሆነ የለችም ብላችሁ ተነሱ።

መሰኪያው ውስጥም ተመልከቱ። ሐይቁ አካባቢ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ማታ መስኮት ከፍቶ መብራት ማብራት ትንኝ መጥራት ነው። ክፍት ኬዝ ላይ የሞተች ትንኝ ከመሰኪያ ውስጥ በእርሳስ ጫፍ ሊያወጣ የሞከረ ሰው ኮምፒውተር እጄ ገብቷል። በእርሳስ አይሆንም። እርሳስ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ በቂ ነው። የኤስኤስዲውን ጥርስ ግን አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉትና ይድረቅ። ሽቶ አልኮል አይደለም፣ አረቄም አይደለም። እየቀለድኩ አይደለም፣ ተጠይቄ አውቃለሁ።

ኤስኤስዲውና መሰኪያው ሲጣሉ

መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ሁለት ዓይነት ኤም.2 አለ። አንዱ ሳታ ነው፣ ሌላው ኤንቪኤምኢ። የሳታው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነብባል። ኤንቪኤምኢው ፒሲአይኢ በሚባለው መስመር ነው የሚሄደው፣ በ3.0 ላይ ወደ 3500፣ በ4.0 ላይ ወደ 7000 ይደርሳል። ማዘርቦርዳችሁ ላይ ያለው መሰኪያ ሁለቱንም ይቀበል ይሆናል፣ አንዱን ብቻም ይቀበል ይሆናል። ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል መሰኪያ ላይ ሳታ ብትሰኩ ይገባል፣ በብሎን ይታሰራል፣ ግን አይታይም። ምንም አይቃጠልም፣ ምንም አይጮህም። ዝም ነው።

ለመለየት ጥርሱን እዩ። አንድ ቦታ ብቻ ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው። ሁለት ቦታ ከተቆረጠ አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው። ሁለት ቁራጭ ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ የመጨረሻውን ቃል ለተለጠፈው ወረቀት ስጡ። እዚያ "ኤንቪኤምኢ" ወይም "ፒሲአይኢ" ይላል፣ ወይም "ሳታ" ይላል። ምንም ካላለ የሞዴል ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ።

አጠር ያለች የኤም.2 መሰኪያ ደግሞ አለች፣ ብዙ ጊዜ ከኋላው ፖርቶች አጠገብ። የዋይፋይ ካርድ ናት። ቁራጯ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ኤስኤስዲ በደንብ አይገባባትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚመጣውን መጽሐፍ ማንም አያነብም። ወረቀቱ ከጠፋ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፒዲኤፉ አለ፣ የሞዴሉን ስም ጽፎ ማውረድ ነው። ከዚያ መጽሐፍ የምትፈልጉት አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ስለ ኤም.2 እና ሳታ መሰኪያዎች የሚናገረው ሠንጠረዥ። እኔ ማዘርቦርድ ሲመጣልኝ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት እሷን ገጽ በስልኬ እከፍታለሁ።

ለምን? መሰኪያዎቹ አንድ መንገድ ስለሚጋሩ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ኤም.2 መሰኪያ ላይ ኤስኤስዲ ከገባ አንድ ወይም ሁለት የሳታ ፖርቶች ይዘጋሉ። ኤም.2 ገባ፣ ድሮ ይሠራ የነበረው ሃርድ ዲስክ ጠፋ። ሰውየው ሃርድ ዲስኩ ተበላሸ ብሎ ያለቅሳል። ገመዱን ነቅሎ ሌላ ፖርት ላይ መሰካት ብቻ ነበር። ሠንጠረዡ የትኛው ፖርት እንደሚዘጋ በቁጥር ይነግራችኋል።

ፕሮሰሰሩም ይገባበታል። ሰርግ የሚቀርጽና የሚያቀናብር አንድ ወንድማችን ለኤዲቲንግ ብሎ ቢ560 ማዘርቦርድ ገዛ። ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ5 10400 ነው። ኤንቪኤምኢውን ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው መሰኪያ ላይ ሰካው፣ ባዮሱ አላይ አለ።

"ወንድሜ፣ ሁለቱንም ቀይሬ ሞከርኩ፣ አዲሱንም አያይም" አለኝ።

"ምኑን ቀየርከው?"

"ኤስኤስዲውን ነዋ። ከጓደኛዬ ተውሼ።"

"መሰኪያውንስ?"

ዝም አለ። መሰኪያ ይቀየራል ብሎ አላሰበም። ነገሩ እንዲህ ነው። በቢ560ና በዜድ590 ማዘርቦርዶች ላይ በቀጥታ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘው የኤም.2 መሰኪያ የሚሠራው በ11ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። 10400 ደግሞ 10ኛው ትውልድ ነው። ማዘርቦርዱ ይቀበለዋል፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ያ መሰኪያ ግን በድን ነው። ሁለተኛው መሰኪያ ላይ አዛወርነው፣ ታየ። መጽሐፉ ላይ ከሥር በትናንሽ ፊደል ተጽፏል። ገንዘብ ያላቸው ፊደላት ሁልጊዜ ትናንሽ ናቸው።

ከ11ኛው በኋላ ባሉት ይህ ጣጣ የለም። ግን ደንቡ ይያዝላችሁ። አንድ መሰኪያ እምቢ ካለ ሌላውን ሞክሩ፣ ከኤስኤስዲው በፊት።

ባለ 2.5 ኢንቹ ሳታ

ይህኛው ቀላል ነው። ሁለት ገመድ አለው። ሰፊው የኃይል ነው፣ 15 ፒን፤ ጠባቡ የዳታ፣ 7 ፒን። ዳታው ብቻ ተሰክቶ ኃይሉ የተረሳበት ኮምፒውተር ብዙ ነው፣ ኤስኤስዲ ስለማይጮህና ስለማይንቀጠቀጥ መብራት እንዳልደረሰው አይታወቅም። የዳታ ገመዱን በሌላ ቀይሩ፣ ፖርቱንም ቀይሩ። የሳታ ገመድ ርካሽ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ተጠርጣሪ አድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፣ ይህቺን በቁም ነገር ያዙልኝ። ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትሰኩበት። በኤስኤስዲው በኩል ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እንደ አምራቹ፣ አንዳንዴም በአንድ አምራች ውስጥ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ሶኬቱ ገባ ማለት ቮልቴጁ ልክ ነው ማለት አይደለም። 5 ቮልት የሚጠብቅ ቦታ 12 ቮልት ከደረሰ ኤስኤስዲው በቅጽበት ይሄዳል፣ አብሮ የተሰካው የሰርግ ፋይል ያለበት ዲስክም ይከተለዋል። የኮምፒውተር ዕቃ እየሰበሰበ ለሚገጣጥም የፖሊ ግቢ ተማሪ ይህን ሳልነግር አላሰናብትም።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሁንም ካልታየ

ባዮሱን ወደ ፋብሪካው መልሱት። ገጹ ላይ "ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ" የሚል አለ። ያገለገለ ማዘርቦርድ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት የሳታ ፖርት ወይም የኤም.2 መሰኪያ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ገጹ ካልረዳ ኮምፒውተሩን ከመብራት ነቅላችሁ ያቺን ሳንቲም የምትመስል ሲአር2032 ባትሪ አውጡና ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ። ባትሪዋ 3 ቮልት መሆን አለባት። ሰዓቱና ቀኑ እየጠፋ ከሆነ ቀይሯት፣ ሱቅ ሁሉ አለች።

ባዮስ ማደስ ከዚያ ይቀጥላል። ማዘርቦርዱ ከኤስኤስዲው ቀድሞ የወጣ ከሆነ በተለይ ይረዳል። ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ፣ የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደልና የሪቪዥን ቁጥር ድረስ አመሳክሩ፣ በፋት32 ፎርማት ያደረጋችሁት ፍላሽ ላይ አድርጉ። መብራት የሚሄድበት ሰዓት ላይ ግን አትንኩት። እየታደሰ እያለ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል። ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚይዘው ዕቃ ላይ፣ ሰክታችሁ አድርጉት። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ከሰው ተዋሱ። ስቴብላይዘር መብራት ሲጠፋ አይተካም፣ ግራ እንዳትጋቡ።

የኢንቴል ማዘርቦርድ ከሆነ ሌላም ስውር ምክንያት አለ። ፕሮሰሰሩ የሚያርፍበት ሶኬት ውስጥ ያሉት ፀጉር የሚያካክሉ ፒኖች አንዲቷ ከታጠፈች ኮምፒውተሩ ተነስቶ አንድ የራም መሰኪያ ወይም የመጀመሪያው ኤም.2 ብቻ ሊጠፋ ይችላል። ራም ከተሰካው ግማሹ ብቻ ከታያችሁና ኤስኤስዲውም ከጠፋ ሶኬቱን ጠርጥሩ። ፕሮሰሰሩን አንሱና በስልካችሁ ካሜራ አጉልታችሁ ከተለያየ ጎን ፎቶ አንሱ። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው መስመሩን የለቀቀችው ትለያለች። ማቅናቱን ግን እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ያድርገው።

ባዮስ ያያል፣ የዊንዶውስ መጫኛው አያይም

እዚህ ከደረሳችሁ ዕቃው ደህና ነው። ተንፍሱ።

11ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ ባሉ ኢንቴሎች ላይ ዋናው ተጠርጣሪ ቪኤምዲ የሚባለው ነገር ነው። ላፕቶፕ ላይ ይብሳል፣ ዴስክቶፕ ላይም ያጋጥማል። ቪኤምዲ ሲበራ ኤስኤስዲው በኢንቴል መቆጣጠሪያ ሥር ይገባል፣ የዊንዶውስ መጫኛው ደግሞ ለዚያ ድራይቨር ላይኖረው ይችላል። ሁለት መንገድ አለ። ባዮስ ገብታችሁ ቪኤምዲን ዝጉት። ወይም ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨሩን አውርዱ፣ ዚፑን ፈትታችሁ ፎልደሩን መጫኛው ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ባዶው ዝርዝር ሲመጣ "ሎድ ድራይቨር" ብላችሁ ፎልደሩን አሳዩት። ፎልደሩ ውስጥ በአይኤንኤፍ የሚያልቅ ፋይል ከሌለ ገና አልተፈታም። ሬይድ (ብዙ ዲስክ አጣምሮ መጠቀም) ለማትሠሩ ሰዎች እኔ የምመርጠው መዝጋቱን ነው፣ ይቀልላል። ይህ ግን ለአዲስ ኮምፒውተር ነው። ቪኤምዲ በርቶ ዊንዶውስ የተጫነበትን ኮምፒውተር በኋላ ብትዘጉት ሰማያዊ ገጽ ያመጣባችኋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፍላሹ ነው። ዊንዶውስ 7 አሁንም በየሰዉ ኪስ አለ። ዊንዶውስ 7 ኤንቪኤምኢ የሚያውቅ ድራይቨር ይዞ አልመጣም፣ ስለዚህ መጫኛው ኤስኤስዲውን አያየውም። ከ8.1 ጀምሮ ያሉት ያውቁታል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ 7 ካልጫንኩ የሚል ሰው ይመጣል፣ እኔ ግን አልጭንም።

ፍላሹን ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ስትሠሩ ፓርቲሽኑን (የዲስክ አከፋፈሉን) ጂፒቲ፣ ሲስተሙን ዩኢኤፍአይ አድርጉት፣ ሁለቱም የአዲሱ ዘዴ ናቸው። ከዚያ ስታስነሱ የቡት ዝርዝሩን ክፈቱ። ጊጋባይት ላይ ኤፍ12፣ አሱስ ላይ ኤፍ8፣ ኤምኤስአይና አስሮክ ላይ ኤፍ11 ነው። ፍላሹ ሁለት ቦታ ተጽፎ ካያችሁ "ዩኢኤፍአይ" የሚል የቀደመበትን ምረጡ። በድሮው ዘዴ ካስነሳችሁት ኤስኤስዲው ታይቶም "በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም" ሊላችሁ ይችላል። ባዮስ ውስጥ ሲኤስኤም የሚለውን፣ የድሮውን የማስነሻ ዘዴ፣ መዝጋት ይህን ከሥሩ ይገላግላል።

ኤስኤስዲው ታይቶ በድሮ ፓርቲሽን ምክንያት እምቢ ካለ፣ መጫኛው ላይ ሺፍትና ኤፍ10 አንድ ላይ ንኩ። ጥቁር መስኮት ይከፈታል። በእንግሊዝኛ ፊደል ዲስክፓርት ብላችሁ ግቡ፣ ሊስት ዲስክ ብላችሁ ቁጥሩን እዩ፣ ሴሌክት ዲስክ ብላችሁ ቁጥሩን ጨምሩ፣ ከዚያ ክሊን፣ ከዚያ ኮንቨርት ጂፒቲ። ክሊን ማለት ያለ ምሕረት ማጥፋት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ሌላውን ዲስክ ሁሉ ከኬዙ ንቀሉ። "ቁጥሩን አውቀዋለሁ" አትበሉኝ፣ ንቀሉት።

ዊንዶውስ ገባ፣ ሁለተኛው ኤስኤስዲ የለም

ቀላሉ ይህ ነው፣ ግን ብዙ ስልክ የሚደወልልኝም በዚህ ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ካርታ ያልወጣለት ቦታ ነው። መሬቱ አለ፣ መዝገብ ላይ ግን የለም፣ ስለዚህ "ዚስ ፒሲ" ውስጥ አይወጣም። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ንኩና "ዲስክ ማኔጅመንት" ክፈቱ። ወዲያው "ኢኒሻላይዝ ዲስክ" ካለ ጂፒቲ ምረጡ። የድሮው አከፋፈል ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ አይሄድም፣ ለአዲስ ዕቃ ምክንያት የለውም። ከዚያ "አንአሎኬትድ" በሚለው ጥቁር መስመር ላይ በቀኝ ነክታችሁ "ኒው ሲምፕል ቮልዩም"፣ ኔክስት፣ ኔክስት። አለቀ።

500 ጊጋ ገዝቼ 465 ብቻ አየሁ ብላችሁ ከሻጩ ጋር አትጣሉ። አምራቹ በ1000 ያባዛል፣ ዊንዶውስ በ1024 ያካፍላል። 1 ቴራውም 931 ሆኖ ነው የሚታየው። 2 ቴራ ተብሎ በማይታመን ዋጋ የተሸጠላችሁና ሲታይ ላባ የሚቀል ባለ 2.5 ኢንች ካጋጠማችሁ ግን እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ውስጡ ሜሞሪ ካርድ ሊኖር ይችላል። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ጽፎ አንብቦ እውነቱን ያወጣዋል።

አሮጌውን ዲስክ ክሎን አድርጋችሁ (እንዳለ ወደ አዲሱ ገልብጣችሁ) ሁለቱንም አንድ ላይ ከተዋችሁ አዲሱ "ኦፍላይን" ሊል ይችላል። መለያ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶውስ አንዱን ይዘጋል። "ኦንላይን" ብላችሁ አትቸኩሉ፣ መለያው ይቀየርና በክሎኑ ማስነሳት እምቢ ሊላችሁ ይችላል። አሮጌውን ነቅላችሁ በአዲሱ ብቻ አስነሱ። ፓርቲሽኑ ኖሮ ፊደል ብቻ ከጎደለው ደግሞ በቀኝ ነክታችሁ "ቼንጅ ድራይቭ ሌተር" ውስጥ ስጡት።

ታይቶ የሚጠፋው

ይህ ነርቭ ይነካል። ጠዋት አለ፣ ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ይጠፋል፣ ስታጠፉና ስታበሩ ይመለሳል። መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ። ከሂትሲንኩ (ሙቀት ከሚቀበለው ብረት) ሥር ያለውን የፕላስቲክ ልጣጭ ሳይልጡ የሚያስሩ አሉ። ሙቀት ያግዳል። ከዚያ በዊንዶውስ የፓወር ኦፕሽን ውስጥ "ፒሲአይ ኤክስፕረስ" ሥር ያለውን "ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት" ኦፍ አድርጉት። አሁንም ከጠፋ ባዮስ ውስጥ የመሰኪያውን ፍጥነት ከአውቶ ወደ ጄን3፣ ማለትም ፒሲአይኢ 3.0፣ አውርዱት። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ለኤዲቲንግም ሆነ ለትምህርት ግን ብዙም አይሰማችሁም። ጄን3 ላይ ከጸና ችግሩ የምልክት ጥራት ላይ ነው ማለት ነው፣ መሰኪያ ወይም ማዘርቦርድ። እዚያም ካልጸና ፓወር ሰፕላዩን በሌላ ሞክሩ።

ከመመለሳችሁ በፊት

ኤስኤስዲውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሳታዩ አትመልሱ። ጎረቤት ዴስክቶፕ ከሌለው ኤስኤስዲውን ውስጡ ከትታችሁ በዩኤስቢ የምትሰኩት ማቀፊያ አለ። ስትገዙ ግን ልዩነቱን ጠይቁ፣ የሳታ ማቀፊያ ኤንቪኤምኢ አያነብም። ሁለቱንም የሚያነብ አለ፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ይላል፣ እንደ እኔ ለሚሠራ ሰው ግን ይገባዋል። የኡቡንቱ (ዊንዶውስን የሚተካ ነፃ ሲስተም) ፍላሽም ይጠቅማል። ሳይጫን "ትራይ" በሚለው ይነሳል፣ "ዲስክስ" የሚለውን ፕሮግራም ስትከፍቱ ኤስኤስዲው ካለ ስሙን ያሳያችኋል። ዊንዶውስ እምቢ ያለውን ኡቡንቱ ካየው ዕቃው ደህና ነው፣ ነገሩ ድራይቨር ወይም ፓርቲሽን ነው።

ሁለት ኮምፒውተር ላይም፣ ማቀፊያ ላይም፣ ኡቡንቱ ላይም ካልታየ፣ እሺ፣ ሞቷል። ስትመልሱ ማቀፊያው ላይ ሲሰካ አለመታየቱን በስልክ ቪዲዮ ቅዱ፣ የኤስኤስዲው መለያ ቁጥር በቪዲዮው ውስጥ ይነበብ። ወረቀቱን ከላዩ አትላጡ፣ ዋስትናው እሱ ላይ ነው። ፀረ ስታቲክ ፌስታሉ ውስጥ መልሳችሁ፣ በጠንካራ ካርቶን ላኩት። ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ አስቀሩ እንጂ ዋናውን አብራችሁ አትላኩ።